በመንፈስ ጀምሬ በጉልበቴ ልጨርስ ስል

«ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» የሚለውን የኤፌሶን ጥቅስ በቃሌ ያልያዝኩበትን ዘመን አላስታውስም። አዲስ አማኞች ሲመጡ መጀመሪያ የምገልጥላቸው ገጽ እርሱ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ስለ ጸጋ ሰምተው ለማያውቁ ሰዎች አይደለም። ትምህርቱን አንድ በአንድ ዘርዝረው ማስረዳት ለሚችሉ፣ ነገር ግን ማታ ሲጋደሙ «ዛሬስ እግዚአብሔር ምን ያህል አዝኖብኝ ይሆን?» እያሉ እንቅልፍ ለሚያጡ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሰነፎች መካከል አይገኙም። ስማቸው በአገልግሎት ዝርዝር ላይ ሦስት ቦታ የሚጻፍ፣ ቀድመው መጥተው በር የሚከፍቱ፣ አምሽተው ወንበር የሚሰበስቡ ናቸው። እኔም ከእነርሱ አንዷ ነበርኩ።

«በጸጋ ትድኛለሽ፤ ከዚያ በኋላ ግን የምትቆዪው በላብሽ ነው» ብሎ ያስተማረኝ ማንም የለም። ሰው ቢጠይቀኝም አጥብቄ እክድ ነበር። አኗኗሬ ግን ይህንኑ ይናገራል። ጎህ ሳይቀድ እነሣለሁ። አልጋዬ አጠገብ በመስመር የከፋፈልኩት ደብተር አለ፤ በአንደኛው ረድፍ ያነበብኳቸው ምዕራፎች፣ በሁለተኛው የጸለይኩባቸው ደቂቃዎች፣ በሦስተኛው ጾም ይመዘገባሉ። አራተኛው «ልዩ ልዩ» የሚል ርእስ ነበረው፤ የጎበኘሁት ሕመምተኛ፣ የመሰከርኩለት ሰው እዚያ ይገባል። ወሩ ሲያልቅ እደምራለሁ። ረድፉ ከሞላ ጸሎቴ ድፍረት ያገኛል፤ እለምናለሁ፣ እንዲያውም አሳስባለሁ። ባዶ ቦታ ከበዛበት ግን ወደ ጸሎት የምገባው በይቅርታ ነው፤ ይቅርታው ይረዝምና ለጸሎት የመደብኩትን ጊዜ ይበላዋል። በማግስቱ የትናንቱን ጨምሬ ልክፈል ብዬ እነሣለሁ፤ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ዕዳው ሌላ ዕዳ ይወልዳል።

በዚያ ላይ የጸሎት ሰንሰለት አስተባባሪ ነበርኩ። ሌሊቱና ቀኑ በሰዓት ተከፋፍሎ ለየሰው ይታደላል፤ አንዱ ሲጨርስ ቀጣዩ ይረከባል። ሰው ሲቀር ክፍተቱን የምሞላው እኔ ነኝ። «እህታችን፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር?» ሲሉኝ «ኧረ ሁሉም የጌታ ሥራ ነው» እላለሁ፤ በልቤ ግን የቀረውን ሰው ስም ይዣለሁ። ያ ሰው በሌላ ቀን ቆሞ ሲመሰክር ስሰማ «እንዲያው አፍ ብቻ!» ማለቴ አይቀርም። ራሴን የምለካበትን መለኪያ ለራሴ ብቻ ማድረግ አልቻልኩም፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እለካበት ነበር።

ይህን ቀድሞ ያየው ባለቤቴ ነው። በእምነት ነገር የሚቀልድ ሰው አይደለም፤ ንግግርም አያበዛም። አንድ የጾም ቀን ልጃችን የምጸልይበትን ክፍል በር ከፍቶ ሲገባ ጮኽኩበት። ሲመሽ ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ስትጾሚ እኮ የምንፈራው እኛ ነን» አለኝ። ተናደድኩ። ተመልሼ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ስለ እርሱ ጸለይኩ፤ ጸለይኩ ልበል እንጂ እየከሰስኩት ነበር። ልጁ የመጣው የሳለውን ሥዕል ሊያሳየኝ ኖሯል። ወረቀቱ ደጃፉ ላይ ወድቆ ስለነበር ስወጣ ረገጥኩት።

በሉቃስ ምዕራፍ 18 ላይ ያለውን ፈሪሳዊ ከዚያ ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማነበው። ሰውየውን ውሸታም አድርገን መስበክ እንወዳለን። ነገር ግን «በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እጦማለሁ፤ ከማገኘውም ሁሉ አሥራት አወጣለሁ» ሲል እየዋሸ ነው የሚል ነገር በምሳሌው ውስጥ የለም። ሒሳቡ ትክክል ነው። ይልቁንም ጸሎቱን የሚጀምረው «እግዚአብሔር ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነው፤ ለመልካምነቱ ምስጋናውን ለእግዚአብሔር ሰጥቷል። የጸጋን ቋንቋ አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው። ዓይኑ ግን እዚያው ሊጸልይ በመጣው ቀራጭ፣ በግብር ሰብሳቢው ላይ ነው። እኔም «ሁሉም የጌታ ሥራ ነው» እያልኩ ዓይኔ የቀሩት ሰዎች ላይ ነበር።

ከቁጣው ይልቅ የከፋው ፍርሃቱ ነበር። ልጄን ሲያተኩሰው ቀድሞ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ሐኪም ሳይሆን በሳምንቱ ውስጥ ያለፈኝ የጸሎት ሰዓት ነው። ገንዘብ ሲጠፋ፣ ሥራ ሲሰናከል፣ ሁሉንም ወደ ደብተሩ እመልሳለሁ። ኢየሱስ ግን ይህን አስተሳሰብ በግልጽ አፍርሶታል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ስለነበሩ እንዳልሆነ ተናግሯል (ሉቃስ 13፥4)፤ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅም በእርሱ ወይም በወላጆቹ ኃጢአት ምክንያት እንዳልሆነ መልሷል (ዮሐንስ 9፥3)። ሁለቱንም ክፍሎች አስተምሬባቸዋለሁ። ትኩሳቱ ሲመጣ ግን እጄ የሚሄደው ወደ ደብተሩ ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው በራእይ ወይም በትልቅ ጉባኤ ላይ አይደለም። በአንድ የጥናት ቡድን ውስጥ የገላትያን መልእክት እያስጠናሁ ነበር። ምዕራፍ 3 ላይ ደርሰን «በመንፈስ ጀምራችሁ አሁን በሥጋ ትፈጽማላችሁን?» የሚለውን አነበብን። የገላትያ ሰዎች ከእምነት ሌላ መገረዝም ያስፈልጋል በሚል ትምህርት እንደተሳቱ፣ እኛ ግን እንዲህ ያለ ችግር እንደሌለብን አብራራሁ። አንዲት ወጣት እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ሳይጸልዩ ወጥተው ቢሆን ኖሮ፣ እግዚአብሔር አሁን እርስዎን የሚያይበት ዓይን ይለወጥ ነበር?»

«በፍጹም» አልኳት፣ ሳላስብ።

«ታዲያ እኔ የጸሎት ሰዓቴን ስረሳ ‹ጌታ አዝኖብሻል› ያሉኝ ለምንድን ነው?»

ልትሞግተኝ አልነበረም፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው። መልስ ስላልነበረኝ «ወደዚህ እንመለሳለን» ብዬ ወደ ቁጥር 6 ተሻገርኩ። ያመለጥኩበት ቁጥር ግን ይብሱን ያዘኝ። አብርሃም በእግዚአብሔር እንዳመነና ጽድቅ ሆኖ እንደተቆጠረለት የሚናገረው ቁጥር ነው።

ጳውሎስ ይህንኑ ነገር በሮሜ ምዕራፍ 4 ሲያነሣ አንድ የጊዜ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጽድቁ የተቆጠረለት ከተገረዘ በኋላ ነው ወይስ ከመገረዙ በፊት? ማታ ቤቴ ተቀምጬ ዘፍጥረትን እየገለጥኩ አሰላሁት። አብርሃም አምኖ ጽድቅ የተቆጠረለት በምዕራፍ 15 ላይ ነው። እስማኤል የተወለደው ከዚያ በኋላ፣ አብርሃም 86 ዓመት ሲሆነው ነው። የተገረዘው ደግሞ በ99 ዓመቱ፣ በምዕራፍ 17። በመካከሉ ከ13 ዓመት ያላነሰ ጊዜ አለ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰውየው ሊያሳየው የሚችለው ምንም ምልክት ሳይኖር በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ነበር። ሕጉ የመጣው ደግሞ ከተስፋው 430 ዓመት በኋላ እንደሆነ ገላትያ 3፥17 ይናገራል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ጎን ለጎን አድርጌ ግን አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የትም ብገልጥ የማየው ይህንኑ ቅደም ተከተል ሆነ። አሥርቱ ትእዛዛት «አታድርግ» ብለው አይጀምሩም። «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» ይቀድማል። እስራኤል ትእዛዙን ጠብቀው አይደለም ባሕር የተከፈለላቸው፤ ባሕሩን የተሻገሩት በዘጸአት 14 ነው፣ ትእዛዙ የተሰጣቸው በምዕራፍ 20። ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ የተናገረው ኢየሱስ «ዛሬ በቤትህ እውላለሁ» ካለው በኋላ ነው። በዝሙት ለተያዘችው ሴት መጀመሪያ የተነገራት «እኔም አልፈርድብሽም» የሚለው ነው፤ «ከአሁን ጀምሮ ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ» የሚለው ተከትሎ ይመጣል። እኔ ሁለቱን ገልብጬ ነበር የምኖረው፦ ኃጢአት አለመሥራቴን ካረጋገጥኩ በኋላ «አልፈርድብሽም» የሚለኝን እጠብቃለሁ። አንድም ቀን በቂ ሆኖ ስለማያውቅ፣ ቃሉ አንድም ቀን አይደርሰኝም።

ከሁሉ ያስለቀሰኝ ግን የኢየሱስ ጥምቀት ነው። «በእርሱ ደስ የሚለኝ የምወደው ልጄ ይህ ነው» የሚለው ድምፅ በማቴዎስ 3 መጨረሻ ላይ ተሰማ። የአርባው ቀን ጾም ምዕራፍ 4 ላይ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ገና አንድ ሕመምተኛ አልፈወሰም፤ አንድ ደቀ መዝሙር አልጠራም። ጾሙን የገባበት የአብ ደስታ አስቀድሞ ተነግሮት ነው። እኔ ደግሞ ያን ድምፅ ለመስማት ስል ነበር የምጾመው።

የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ስናነብ አንዳንዴ የምናልፈው ዝርዝር አለ። ልጁ ከሩቅ አገር ሆኖ የሚናገረውን ያዘጋጃል፤ በደሌን እናዘዛለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» እለዋለሁ ይላል። ቤት ሲደርስ ግን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይናገራትም። አባቱ ሮጦ አንገቱን አቅፎ የሳመው ልጁ አፉን ከመክፈቱ በፊት ነው፤ ተቀጥሮ የመሥራቱን ሐሳብ ሊያቀርብ ሲል ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ ታዘዘለት። ታላቅየው ደግሞ ከቤት ሳይወጣ «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» ይላል። ሁለቱም ወንድማማቾች የሚያስቡት እንደ ተቀጣሪ ነው፤ አንዱ ደመወዝ አይገባኝም ይላል፣ አንዱ ደመወዜ ቀረብኝ። የደብተሬ ባለቤት ሁለተኛው ነበር። ደስ የሚለኝ ግን አባቱ እርሱንም ለመለመን ከቤት መውጣቱ ነው፤ «ልጄ ሆይ፣ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፤ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» ይለዋል። ግብዣ ላይ ተቀምጦ በየመሐሉ «ሒሳቡ ስንት ሆነ?» እያለ የሚጠይቅ እንግዳ ጋባዡን እንደሚያሳፍረው ሁሉ እኔም እግዚአብሔርን ለዓመታት እንዲሁ ሳደርገው እንደኖርኩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ ያለፍኩት የመጀመሪያዋ እንዳልሆንኩ ማወቄም ረድቶኛል። በኋላ የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የመራው ማርቲን ሉተር በ1505 እ.ኤ.አ. ወደ ገዳም ሲገባ ቀልድ አልነበረውም፤ ይጾማል፣ ይተጋል፣ ኃጢአቱን ሲናዘዝ ሰዓታት ይፈጃል፤ በስተ እርጅናው በ1545 ሲጽፍ ነቀፋ የሌለበት መነኩሴ ሆኖ ሳለ ኅሊናው አንድም ቀን እንዳላረፈና የእግዚአብሔር ጽድቅ የሚለውን ቃል እንደጠላው ተናግሯል። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የሆነው እንግሊዛዊው ጆን ዌስሊም ቄስ ሆኖ፣ በኦክስፎርድ ከጓደኞቹ ጋር በየሳምንቱ እየጾመ፣ እስር ቤት እየጎበኘ፣ ባሕር ተሻግሮ ለወንጌል ሥራ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ነው በግንቦት 1738 እ.ኤ.አ. በለንደን በአንድ ትንሽ ስብሰባ ላይ በክርስቶስ ብቻ መታመንን ያገኘው። ስለ ዌስሊ ሲነገር የዚያ ምሽት ታሪክ ይወራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በማስታወሻው ላይ ክርስቲያን መሆኑን ራሱ እየተጠራጠረ እንደጻፈ ግን ብዙ ጊዜ አይወራም። ለእኔ ይህኛው ይበልጥ አጽናንቶኛል፤ የእኔም በአንድ ሌሊት አላለቀምና። ጉዳዩን የአንድ ወገን ጠብ አድርጎ የሚያይ ካለ ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በአውግስበርግ በፈረሙት የጋራ መግለጫ ላይ እግዚአብሔር የሚቀበለን በእኛ ብቃት ሳይሆን በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን፣ በጸጋ ብቻ እንደሆነ አብረው መስክረዋል። በሌሎች ብዙ ነገሮች የሚለያዩ ናቸው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ታዲያ ምን አደረግሽ?» ብሎ ነው።

ደብተሩን አላቃጠልኩትም፤ እንዲህ ያለ ድራማ አልወድም። መጻፍ አቆምኩ። አስተባባሪነቱንም ለሌላ ሰው አስረከብኩ። ከዚያ ሰላም ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ድንጋጤ ነው። ጠዋት እነሣለሁ፣ የሚለካ ነገር የለም፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኛል። ለካ ከእግዚአብሔር ጋር የማወራው በአብዛኛው ስለ አፈጻጸሜ ነበር። ያ ርእስ ሲቀር ዝም ተባባልን። ቀናት ሳልጸልይ ያለፉበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ክፉ ነገር እንዲደርስብኝ እየጠበቅሁ። ምንም አልደረሰም። ይህን የምጽፈው ጸሎት ተዉ ለማለት አይደለም። ከዚህ ሸክም ለመውጣት የሚሞክር ሰው እንዲህ ያለ ባዶ ጊዜ ሊያጋጥመው ስለሚችልና ሲያጋጥመውም «በቃ፣ እምነቴ ሞተ» ብሎ ወደ ደብተሩ እንዳይሮጥ ነው።

ከዚያ ባዶነት ያወጡኝ አጫጭር ጸሎቶች ናቸው። የቀራጩ ጸሎት «አምላክ ሆይ፣ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ብቻ ነው፤ ተናግሮ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ጻድቅ ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰውም እርሱ ነው። ኢየሱስ ራሱ በቃል ብዛት የሚሰሙ የሚመስላቸውን እንዳንመስል አስጠንቅቋል (ማቴዎስ 6፥7)። ሌላው መዝሙረ ዳዊት ነው። እኔ እግዚአብሔር ፊት የምቀርበው ራሴን አስተካክዬ ስለነበር፣ መዝሙረኛው «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» እያለ ሲጮኽ ማንበብ መጀመሪያ ላይ አስፈራኝ፤ በኋላ ግን አንደበቴን ከፈተው። እንዲሁም «እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን አናውቅም» የሚለው ሮሜ 8፥26። የጸሎት አስተባባሪ ለነበረች ሴት ይህን ማመን ቀላል አልነበረም።

አንድ ልዩነት ደግሞ መማር ነበረብኝ፤ የመንፈስ ቅዱስ ወቀሳና ኵነኔ አንድ አይደሉም። ኵነኔ ጭጋግ ነው፤ «አንቺ እንዲያው ምን ትረቢያለሽ?» ይላል፣ ምን እንደበደልኩ ግን አይነግረኝም፤ ብናዘዝም አይለቀኝም። ወቀሳ ግን ስም ይጠራል። «ለልጅሽ የተናገርሽው ቃል ልክ አልነበረም፤ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው» ይላል። ሄጄ ስጠይቅ ነገሩ ያበቃል። በ2ኛ ቆሮንቶስ 7፥10 ጳውሎስ እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ የሆነውን ኀዘን ከዓለም ኀዘን የሚለየው በፍሬያቸው ነው፤ አንዱ ወደ ንስሐ ያደርሳል፣ ሌላው ሞትን ያመጣል። ስለዚህ አሁን ያ ጭጋግ ሲመጣብኝ «ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ? ስሙን ንገረኝ» እላለሁ። መልስ ከሌለው «በክርስቶስ ኢየሱስ ላሉት አሁን ኵነኔ የለባቸውም» የሚለውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። «አሁን» የሚለው ላይ ረገጥ አድርጌ።

«ይህማ ለስንፍና በር መክፈት ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ለመናገር፣ ይህ ክስ የማይነሣበት የጸጋ ስብከት የጳውሎስን አይመስልም፤ እርሱም «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ተገዷል፤ መልሱም «አይደለም» ነው። ቲቶ 2 ላይ ጸጋ ኃጢአትን እንድንክድ የሚያስተምር እንደሆነ ይናገራል፤ ጸጋው አሳልፎ አይለቅም፣ ያስተምራል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥10 ከሁላቸው ይልቅ እንደደከመ ሲናገር አያፍርም፤ ድካሙን ግን የጸጋው ውጤት ያደርገዋል እንጂ ዋጋው አያደርገውም። «እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው» የሚለው ያዕቆብም ለረጅም ጊዜ ያስደነግጠኝ ነበር። አብርሃምን በምሳሌነት ሲያነሣ ይስሐቅን ያቀረበበትን፣ ዘፍጥረት 22ን መጥቀሱን ሳይ ግን ነገሩ ቀለለልኝ፤ ያ የሆነው ከምዕራፍ 15 ብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያዕቆብ የሚያሳየን ቀድሞ የተተከለው ዛፍ ያፈራውን ነው። ኤፌሶን 2፥8 እና 9ን ስንሸመድድ ቁጥር 10ን ደግሞ መተው የለብንም፤ መልካሙ ሥራ እዚያ አለ፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ እንድንመላለስበት።

በእኔ ላይ የሆነውን ብናገር፣ ዛሬም እጾማለሁ፤ በፊት ከምጾመው ያነሰ ነው። ጠዋት እነሣለሁ፤ ያልተነሣሁበት ቀን ግን ቀኑን አያበላሸውም። ልጄ በር ሲያንኳኳ ጸሎቴን አቋርጬ እከፍታለሁ፤ ይህንን ከጸሎቱ እንደ አንድ ክፍል መቁጠር ጊዜ ወስዶብኛል። ከሁሉ በላይ የቀነሰው በሰው ላይ ያለኝ ቁጣ ነው። ይህን አቅጄ አላደረግኩትም፤ የራሴን መቁጠር ስተው የሌላውን የምቆጥርበት ጉልበት አጣሁ። ያቺን ወጣትም ፈልጌ «ጌታ አዝኖብሻል ያልኩሽ እኔ አዝኜብሽ ስለነበር ነው» አልኳት። ሳቀች። «ገብቶኝ ነበር» አለችኝ።

ሁለት ጥንቃቄዎች ልጨምር። የመጀመሪያው፦ አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ሸክም ከትምህርት በላይ ነው። «ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ በየደቂቃው ተመላልሶ የሚመጣበት፣ አንዱን ጸሎት «በትክክል አልጸለይኩትም» እያለ ደጋግሞ የሚጀምር፣ ከተናዘዘ በኋላ አሁንም ተመልሶ የሚናዘዝ ሰው፣ የአእምሮ ሐኪሞች በሚገባ የሚያውቁት፣ ሕክምናም ያለው የጭንቀት ሕመም ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው «በጸጋው እረፍ» እያሉ መስበክ ብቻውን አይበቃም፤ ጭራሹኑ «ማረፍም አቃተኝ» የሚል ሌላ ክስ ይሆንበታል። ሐኪም ጋር መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

ሁለተኛው ለእኔ ዓይነቶቹ ነው። ጸጋ ሲገባን ወዲያው የምናደርገው አዲስ ደብተር መክፈት ነው። «ጸጋ የገባው» በአንድ ረድፍ፣ «ሕግ አጥባቂ» በሌላው። እኔ አስረክቤ የወጣሁትን የጸሎት ሰንሰለት በትጋት የሚያካሂደውን ወንድም ሳይ «ምስኪን፣ ገና አልገባውም» ብዬ ነበር፤ የፈሪሳዊውን ጸሎት ገልብጬ መጸለዬ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየውን በቅርብ ሳውቀው ለካ በደስታ ነው የሚያደርገው፤ ሰው ሲቀርበት ይስቃል፣ ቦታው ባዶ ቢሆን አይጨነቅም፣ የቀረውንም ሲያገኘው የሚጠይቀው ስለ ጤናው ነው። ሥራው የእኔው የድሮ ሥራ ነው፤ ዝርዝሩም ያው ዝርዝር ነው። ጳውሎስ በሮሜ 14 «የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፤ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» ሲል ለሁለቱም ወገን የተናገረው ለዚህ ይመስለኛል። ባለፈው ሰሞን ይህ ወንድም በሰንሰለቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ትወስጂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወሰድኩ፤ «ሳይመቸኝ ከቀረሁ ግን ማንም እንዳይሞላልኝ» ብዬ።